«አባዬ ከቶዮታ ሌላ መኪና አያውቅም»

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«እታለም፣ ዕድሜዬ 29 ነው። አራት ዓመት በሰው ቪትዝ ራይድ ሠርቻለሁ፤ ለባለቤቱ የቀን ገቢ እያስገባሁ የተረፈኝን ቆጥቤያለሁ። አባዬም ዕድሜውን ሙሉ የታክሲ ሾፌር ነበር፤ መጀመሪያ በላዳ፣ ከዚያ 22 ዓመት በራሱ ዶልፊን ሚኒባስ። አምና ወገቡ እምቢ ሲለው ሸጦት ብሩን ባንክ አስቀመጠ። ‹ግማሹን አንተ፣ ግማሹን እኔ እናዋጣና መኪና እንግዛ፤ አንተ ትሠራለህ፣ ለእኔና ለእናትህ በየወሩ ትሰጠናለህ› ሲለኝ ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። የተጣላነው መኪናው ላይ ነው። እኔ የቻይናውን የቢዋይዲ ኤሌክትሪክ መኪና ነው የምፈልገው፤ ስሙም ዶልፊን ነው። እሱ ‹ዶልፊን አንድ ነው፣ እሱም ቶዮታ ነው› ብሎ ሳቀብኝ። ከቪትዝ ሌላ መስማት አይፈልግም። ስለ ነዳጅ ሰልፍ ብነግረው፣ ስለ ወጪው ብነግረው ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ‹ዘመንህ አልፏል አባዬ፣ አንተ የምትወደው ስሙን ነው› አልኩት። እራቱን ትቶ ተነሳ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፣ ሰላምታችን እንኳ በእማዬ በኩል ነው። ሰው ለአንድ ብረት ስም እንዲህ የሚታመነው ለምንድን ነው? እንዴትስ ላሳምነው?
ግራ የገባኝ፣ ከጎፋ»

ግራ የገባህ ወንድሜ፣

ከይቅርታው እንጀምር፣ እሱ ብዙ አያከራክርም። «ዘመንህ አልፏል» የሚል ቃል መሐላችሁ ቆሞ ስለ ባትሪ ብታወራ አባትህ የሚሰሙት ያቺኑ ቃል ብቻ ነው። ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም። እናትህ ቡና ያፈሉበትን ሰዓት ጠብቀህ ግባ፣ ጎንበስ ብለህ ጉልበታቸውን ሳም፣ «ያልኩት ቃል ትክክል አልነበረም» በል፣ ከዚያ ቡናህን ጠጣ። በዚያ ቀን ስለ መኪና አንድም ነገር አታንሳ። የይቅርታ ቃል በ«ግን» ከቀጠለ ይቅርታ መሆኑ ይቀራል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ቃልህን ሳነብ ፊቴ የቀላው እኔም ተመሳሳይ ነገር ለእናቴ ብያት ስለማውቅ ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የእግር ሲንጀር ነበራት፤ ጥቁር፣ በወርቅማ ቀለም የተጻፈው ስሙ እጇ በሚያርፍበት በኩል ተፍቆ ግማሹ ብቻ የቀረ። ስድስት ልጅ ያሳደገችው በዚያ ነው። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ጉልበቷን ሲያማት ሳይ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ገዛሁላት፤ ነጭ፣ ቀላል፣ በእግር መርገጥ የማይፈልግ። «ይሄን ቁርጥራጭ ብረት አሁን ጣይው» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። አዲሱን ከነካርቶኑ አልጋ ስር አስገባችው።

የዚያን ዓመት የፋሲካ ዋዜማ መብራት ጠፋ። የጎረቤት ልጆች ቀሚስ ገና ጠርዙ አልታጠፈም። እናቴ ሻማ ለኩሳ፣ ጨርቁን በግራ እጇ እየገፋች፣ ጠርዙ ሲያልቅ መንኮራኩሩን በቀኝ መዳፏ ቀጥ እያደረገች እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሰፋች። እኔ ሻማ ያዥ ነበርኩ። ቀና ሳትል «ቁርጥራጩ ብረት መብራት አይለምንም» አለች።

ነጩን መኪና የነካችው ከዓመት በላይ ቆይታ ነው፤ በእኔ ልመናም አልነበረም። ሰፈራችን ጥግ ላይ አንድ ልጅ የስፌት መኪና ጥገና ከፍቶ፣ ልክ እንደ እሷ ያለውን ነጭ መኪና ጠረጴዛ ላይ ገላልጦ ሲሠራ አየችው። «ይሄ ሲበላሽ ምኑ ነው የሚበላሸው?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ አሳያት፤ የዕቃውን ዋጋና ከመርካቶ የት እንደሚገዛም ነገራት። በዚያው ማታ ካርቶኑ ከአልጋ ስር ወጣ። ሲንጀሩን ግን አልሸጠችውም። ዳንቴል አለበሰችውና መስኮቱ ስር ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ሰው አንድን ስም የሙጥኝ ሲል ባየሁ ቁጥር ሁለት ነገሮችን እፈልጋለሁ፤ አንደኛው ሂሳብ ነው፣ ሌላው ውለታ። ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ስለሚኖሩ ባለቤቱ ራሱ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

ሁለቱም የሌሉበት ታማኝነትም አለ፤ እሱ ልማድ ነው። የየትኛውንም ኩባንያ ውሃ ጠጥተን ባዶ ጠርሙሱን «ሃይላንድ» እንላለን። ባለ ሦስት ጎማው ሁሉ ባጃጅ ነው፣ የልብስ ዱቄት ሳሙናው ሁሉ ኦሞ ነው። የሻይ ቅጠል ስም ብትቀይርና ባይጥምህ የከሰርከው አንድ ፓኮ ነው፤ ነገ ትመለሳለህ። ስለዚህ በሻይ ቅጠል ማንም እራቱን ጥሎ አይነሳም።

የአባትህ ጉዳይ እንዲህ አይደለም። እስቲ ሂሳባቸውን ከእሳቸው ወንበር ሆነህ ተመልከተው። የታክሲ ሾፌር የጡረታ መዋጮ የሚቆርጥለት አሠሪ የለውም። ጡረታው ያቺው ሚኒባስ ናት፤ እሷም አምና ወደ ብር ተለውጣ ባንክ ተቀምጣለች። አንተ 29 ዓመትህ ነው፣ ብትከስር እንደገና ትጀምራለህ። እሳቸው በዚያ ወገብ እንደገና አይጀምሩም። ሁለተኛ ዕድል የሌለው ሰው የሚያውቀውን ስም መምረጡ ግትርነት አይደለም፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው።

ያ ስም ለእሳቸው ምን እንደሆነ ደግሞ ሶማሌ ተራ ሂደህ ጠይቅ። ለቪትዝና ለኮሮላ የማይገኝ ዕቃ የለም፤ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን ሸራ፣ ኩሺኔታ፣ ካስፈለገ ሙሉ ሞተር። ስፖኪዮህ ማታ ከተሰረቀ ጠዋት እዚያ ሄደህ የራስህኑ መልሰህ ትገዛለህ እየተባለ የሚቀለደው በከንቱ አይደለም። ቀልዱ ያማል፤ ቢሆንም መኪናህ እኩለ ቀን ላይ ሥራ ጀምራለች። ከከተማ ርቀህ መንገድ ላይ ብትቆም፣ ከዛፍ ስር የተቀመጠ የትኛውም መካኒክ ቶዮታን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል። ሲቸግርህም ሊብሬውን ይዘህ ደላላ ጋ ከሄድክ ገዢ ለማግኘት ብዙ አትንከራተትም። አባትህ «ቶዮታ» ሲሉ መካኒኩን፣ ደላላውንና ሶማሌ ተራን አንድ ላይ መጥራታቸው ነው። አንተ «ቢዋይዲ» ስትል ከስሙ ጀርባ ማን እንደቆመ አልነገርካቸውም። ስሙን ብቻ ይዘህ የመጣኸውስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንተ ነህ።

ቶዮታ ራሱ እንከን የለሽ ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 እና 2010 በነዳጅ መስጫ ፔዳልና በእግር ምንጣፍ ችግር በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎቹን ጠርቶ ለማረም ተገድዷል፤ በ2014 ደግሞ ጉዳዩን ከሕዝብ ደብቋል ተብሎ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ይህን ለአባትህ ብትነግራቸው ቅንድባቸውንም አያነሱም። የሚያምኑት ጃፓን ያለውን ኃላፊ ሳይሆን ለ22 ዓመት ሞተራቸውን ሲያስተካክል የኖረውን መካኒክ ነው።

ውለታው ደግሞ እንዲህ ነው። ያቺ ዶልፊን የትምህርት ቤት ክፍያህን ከፍላለች። ሕመምተኛ ሆስፒታል አድርሳለች፣ ሙሽራ አመላልሳለች፣ ለቅሶ ደርሳለች። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሞተሯ ሲነሳ እየሰማህ ነው ያደግኸው። «የምትወደው ስሙን ነው» ስትላቸው፣ ሳታስበው፣ ያን ሁሉ ማለዳ ነው ያቃለልከው። ውለታን ደግሞ በቁጥር ተከራክረህ አትረታውም። አክብረህ ታልፈዋለህ እንጂ። እናቴ ሲንጀሩን እንዳለበሰችው።

አንተ ግን በሁሉም ተሳስተሃል አልልም። በቁጥሩ በኩል ጠንካራ ነገር ይዘሃል፤ አቀራረብህ ነው የተበላሸው። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዶት ነበር። ቪትዝ የሚለው ስም ደግሞ ጃፓን ውስጥ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በያሪስ ተተክቶ ቀርቷል። ስለዚህ አባትህ የሚመኙት ቪትዝ፣ የትኛውም ቢሆን፣ ዕድሜ ጠግቦ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የቆየ ነው። እሳቸው ዶልፊናቸውን የገዙ ጊዜ ቶዮታ መግዛት ማለት የነበረው ነገርና ዛሬ ማለት የሆነው ነገር ተለያይቷል። ይህን ከአንተ ባይሰሙት ይሻላል። አንድ ቅዳሜ የሚሸጡ ቪትዞችን አብራችሁ ዙሩና እሳቸው ራሳቸው ከስር አጎንብሰው ይዩ። ዝገቱን ካንተ ቀድመው ነው የሚያገኙት።

ስለ ቢዋይዲም ቢሆን «አዲስ ስለሆነ ይሻላል» ማለት ለሾፌር ክርክር አይሆንም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው ባትሪ ለመሥራት እንደሆነ፣ መኪና ውስጥ የገባው በ2003 እንደሆነ ንገራቸው፤ ባትሪው የጎን ሥራው አይደለም ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስቃቸው ደግሞ ይሄ ይመስለኛል፦ ቶዮታ ራሱ ለቻይና ገበያ ያወጣው ቢዚ3 የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና ከቢዋይዲ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ ባትሪውም የቢዋይዲ ነው። ቶዮታ ያመነውን ባትሪ እኔ ብጠረጥረው ምን ይለኛል ብለው ሳይስቁ አይቀሩም። ይህን ግን እርቁ ከሰነበተ በኋላ ነው የምትነግራቸው፤ ለማሸነፊያ ከተጠቀምክበት ይበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው። በደብዳቤህ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፍካት አንዲት ቃል አለች፤ ላዳ። አባትህ መጀመሪያ ላዳ ነበሩ። እነዚያን ሰማያዊ ላዳዎች የነዳ ሰው ስለ ላዳ ክፉ አያስነግርም ነበር። የላዳ መሠረት ፊያት 124 ነው፤ ፊያት የሚያውቅ መካኒክ ላዳን አይፈራትም፣ እሷም ዳገቱን እያቃሰተች ትወጣዋለች። ታዲያ አባትህ ያቺን ትተው ወደ ዶልፊን እንዴት ተሻገሩ? ማን መከራቸው? ምን ፈርተው ነበር? ገንዘቡን ከማን ተበደሩ? የመጀመሪያው ብልሽት መቼ ነበር፣ የትስ ተሠራ? ይህን ጠይቃቸውና ዝም ብለህ ስማ። አንድ ማታ አይበቃውም። እሳቸው ከአንድ ስም ወደ ሌላ ስም ተሻግረው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የተሻገሩበት መለኪያም አላቸው። ያን መለኪያ ከአፋቸው ስትሰማ ለአዲሱ መኪና ማቅረብ ያለብህን ማስረጃ ታውቀዋለህ። እኔ ብገምት ከእናቴ ጥያቄ አይርቅም፦ «ይሄ ሲበላሽ ምኑ ነው የሚበላሸው?»

ለዚህ ጥያቄ በደንብ ተዘጋጅ። ካንዴላ የለም፣ የሞተር ዘይት የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፤ ሾፌር ይህን ሲሰማ ቀና ይላል። ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የእግር ስር ዕቃ ግን እንደማንኛውም መኪና ያልቃሉ። መኪናው ቢገጭስ? ፓራውልቱ፣ የፊት መብራቱ፣ ያ የተሰረቀ ስፖኪዮ ከየት ይመጣል? በስንት ቀን? ሻጩ «ሁሉም አለ» ይልሃል። አንተ ሻጩን ተወውና ያንኑ መኪና ለሁለት ዓመት ራይድ የሠራበትን ሾፌር ፈልግ፤ ገጭቶ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ምሳ ጋብዘው። ባትሪው በኮምፒውተር ተነቦ ስንት በመቶ አቅም እንደቀረው በወረቀት ይሰጥህ፣ መኪናው ዜሮ ነው ቢሉህም እንኳ። ዋስትና አለው ከተባለም ችግር ሲመጣ አዲስ አበባ ውስጥ የማንን በር እንደምታንኳኳ የሚገልጽ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይኑር። «ኩባንያው ቻይና ነው» የሚል መልስ ዋስትና አይባልም።

ከዚያ መብራቱ አለ። ከቢዋይዲ ዶልፊን ባትሪዎች አንዱ ወደ 45 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር ብትሠራ 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለህ። የቤት ተራ ሶኬት በ10 አምፒር 2.2 ኪሎዋት ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ያን ለመመለስ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሰክተህ ንጋት 12 ላይ ትነቅላለህ ማለት ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ ግን በጎዶሎ ትወጣለህ ወይም ፈጣን ቻርጀር ጋ ወረፋ ትይዛለህ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና መሰኪያው የቻይናው ጂቢቲ የሚባለው ነውና በምትሠራበት አካባቢ ያለው ቻርጀር ያ ገመድ እንዳለው ሄደህ በዓይንህ እይ። ሻጮች ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል የሚሉት የቻይና መለኪያ ነው፤ በአዲስ አበባ ዳገትና አራት ሰው ጭነህ ያን አትጠብቅ። የቆጣሪያችሁን መስመርም ኤሌክትሪሻን ያያት። የድሮ ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ ያን ጭነት ተሸክሞ ማደሩን እንጃ።

የኔን ሐሳብ ካልክ፦ ጊቢ ካላችሁ፣ መስመሩ አስተማማኝ ከሆነ፣ ያንን መኪና ገልጦ የሚያውቅ ጋራዥም ካገኘህ ለራይድ ሥራ ኤሌክትሪኩ ይበልጣል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን በአባትህ ጎን ነኝ። በተለይ ቻርጅ የምታደርገው ሁልጊዜ ውጭ ከሆነ፣ ወረፋ ላይ የሚያልፈው ሰዓት ከነዳጅ ያተረፍከውን ይበላብሃል። ሌላም መንገድ አለ። የእሳቸው ድርሻ ጡረታቸው ስለሆነ፣ መኪናው ይሥራ አይሥራ በየወሩ የሚደርሳቸውን ወስናችሁ፣ የስድስት ወሩን ከአንተ ቁጠባ ለይተህ አስቀድመህ ባንክ አስቀምጥላቸው። ይህን ስታደርግ «እኔም ፈርቻለሁ» ማለትህ ነው፤ አባትህ ደግሞ የማይፈራ ሾፌርን አምነው መኪና የሰጡበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ሻጭ አትውሰዳቸው። መስታወት በበዛበት፣ ሱፍ የለበሰ ልጅ ባለበት ቤት እሳቸው እንግዳ ናቸው፣ እንግዳ ደግሞ ይከላከላል። ይልቅ ያ ምሳ የጋበዝከው የራይድ ሾፌር ፈቃደኛ ከሆነ መኪናውን ይዛችሁ አባትህ ለ22 ዓመት ወደሚያውቁት መካኒክ ሂዱ። ቁልፉን ለእሳቸው ስጣቸው፣ አንተ ከኋላ ተቀመጥ። መጀመሪያ ሞተሩ መነሳቱን ለማወቅ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ ምንም አይሰሙም፤ አትሳቅ። ሲደርሱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ኮፈኑን ከፍተው ይነጋገሩ፣ አንተ አትናገር፣ የሚያዙትን ሻይ ክፈል።

መካኒኩ ምን እንዳለ ጻፍልኝ።